ካሜራ የሌለበት ንጋት

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና
ጥቅምት 12 ቀን 2005 ዓ.ም.
ሰባ ስምንት ዓመት ከአራት ወር በሞላኝ ዕለት

ለተወደድክ ወንድሜ ለስዩም፤

እንደምን ሰነበትክ? እኅትህ እታለምስ፣ ያ የሆዷ ሕመም ተወት አደረጋት ወይ? እኔ፣ ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ከማጉረምረሙ በቀር፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታህን እለምናለሁ። የጠየቅኸኝ ነገር ቀላል መስሎኝ ደጋግሜ ጽፌ ደጋግሜ ስለቀደድኩት እንጂ ሰንፌ አይደለም።

መዝገበ ቃላትህ «ረ» ፊደል ላይ ደርሶ «ሪያሊቲ ቴሌቪዥን» ለሚለው የአራት መስመር ፍቺ ከእኔ መፈለግህ አኩርቶኛል። ነገር ግን ስዩም፣ ይህ ነገር አገሩ ላይ ለሚኖርም ሰው አይጨበጥም። አብረን በሠራንበት ማተሚያ ድርጅት ጓዳ «ተውኔት» ለሚለው ቃል ፍቺ ስንፈልግ አንድ ክረምት ሙሉ የተከራከርነውን አስታውስ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ አንተ ቆመህ፣ እኔ ተቀምጬ፣ ሻያችን ቀዝቅዞ። ያን ጊዜ የምንፈታው ነገር ቢያንስ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ይህኛው ግን በያዝኩት ቁጥር መልኩን ይለውጣል።

ሰሞኑን ከምሳ በኋላ በእኅትህ ልጅ በቦሰና ምግብ ቤት ጥግ ተቀምጬ ቴሌቪዥኑን ስከታተል ከረምኩ። በአንዱ ጣቢያ የማይተዋወቁ ወጣቶች አንድ ቤት ተዘግቶባቸው ይነታረካሉ። በሌላው ብዙ ሴቶች ለአንድ ወንድ ለመታጨት ይሻማሉ፤ የተሸነፈችው እያለቀሰች ትሸኛለች። ውድድር ነው ብዬ ልጽፍ ስል፣ ቀጥሎ የሚመጣው አንድ ሀብታም ቤተሰብ ራት ሲበላ የሚያሳይ ነው፤ እዚያ ማንም ማንንም አያሸንፍም። ዘጋቢ ፊልም ነው እንዳልል፣ ዘጋቢ ፊልም የሆነውን ተከትሎ ይሄዳል፤ ይህ ግን ቀድሞ ደርሶ የሚሆነውን ይጠብቃል። ተውኔት ነው እንዳልል፣ ሰዎቹ የሚጠሩት እናት አባታቸው ባወጡላቸው ስም ነው። ደራሲ የለውም ይላሉ። ደራሲ የሌለው ነገር፣ ልክ ማስታወቂያው ሊገባ ሲል ሁልጊዜ ልብ የሚያንጠለጥለው እንዴት ነው?

አሁን ደግሞ ነገሩ ራሱ እደጃችን መጥቷል። ቦሰና ለእናቷ ያልነገረቻትን ልነግርህ ነውና በአንተ ዘንድ ይቅር። ምግብ ቤቱ ደንበኛ ርቆታል። ሊዘጉ የደረሱ ምግብ ቤቶችን እያደሰ የሚያሳይ አንድ ዝግጅት እሷን መርጦ፣ የቀረጻ ሰዎቹ ከነመብራታቸው ገብተዋል። ትናንት ወደ ገዛ ወጥ ቤቷ እንድትገባ አዘዟት። ገባች። ድምፁ አልተቀዳም ተባለና እንደገና ገባች። ቀጥሎ «ቤቴ እንዳይዘጋ እፈራለሁ» እያለች እንድትገባ ተነገራት። እንዳሉት አደረገች። ከዚያ ወደ እኔ ጠረጴዛ መጥታ ተቀመጠችና፣ «ጋሼ፣ እስክናገረው ድረስ ይህን ያህል አልፈራም ነበር» አለችኝ።

ዋናዋ አዘጋጅ ደግ ወጣት ሴት ናት፤ ምክሯ ሁሉ «ራስሽን ሁኚ» የሚል ነው። ቦሰና ትስቃለች፤ ሃምሳ ዓመት ሳታስበው ስትሆነው የኖረችውን፣ ዛሬ ሁኚ ሲሏት ከየት እንደምትጀምር ጠፍቷታል።

ለጊዜው ይህን ያዝልኝ፦ «ተዋናይ ያልሆኑ ሰዎች፣ ያልተጻፈ ድርሰት የሚተውኑበት የቴሌቪዥን ትዕይንት።» እኔንም አላረካኝም።

ወንድምህ ዘርዓብሩክ


ሎስ አንጀለስ
ኅዳር 3 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለስዩም፤

ሰላምታዬ አጭር ስለሆነ አትቀየመኝ። ቦሰና በዚያ ቀን በእናንተ ከሰዓት በኋላ ደውላ፣ እናቷን «አለሽ ወይ? አለሽ ወይ?» ብቻ እያለች ለምን እንዳለቀሰች ጠይቀኸኛል። እታለምም ልጇ አእምሮዋ የተናወጠ መስሏት መደንገጧን ጽፈሃል። የሆነውን ልንገርህ፤ በቦታው ነበርኩና።

የቀረጻው መጨረሻ ደርሶ ነበር። ወጥ ቤቱ ታድሷል፤ ቦሰና ግን ገና አላየችውም። ከአስተናጋጆቿ አንዱ ምንይሉ የሚባል ልጅ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ዳውንታውን የሰው መኪና ያቆማል፣ ከሰዓት እሷ ዘንድ ይሠራል። እሱ ወደ ቤቴ መጥቶ፣ አዘጋጆቹ የምትወዳቸውን ሰዎች ሰብስበው ድንገት ሊያስደስቷት መሆኑን አጫወተኝ። «ጋሼ፣ ሰርፕራይዝ ነው፣ እንዳትነግራት ኦኬ? በጣም በጠዋት ነው፣ ላይቱ ያኔ ነው የሚያምረው አሉ። ሶ፣ ነጠላ ልበስ፤ ከልቸራችን እንዲታይ ነው» አለኝ። እነዚህ ልጆች አንቱታን ካወለቁ ቆይተዋል፤ ፍቅራቸው ግን አይጎድልም። እሺ አልኩት።

ጎህ ሲቀድ በአፓርትማዋ ደጃፍ ተሰበሰብን። መኪናችሁን ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ ተብለን ነበር፤ ራቅ አድርገን አቆምን። አትደውሉላት ተባልን፤ አልደወልንም። በሩ እስኪከፈት አትናገሩ፣ አትሳቁ ተባልን፤ ዝም አልን። ቄሱ ፊት ቆሙ፤ በዕድሜ የምቀድመው እኔ አጠገባቸው። ከኋላችን የእድሩ ሰዎች፣ የሴቶቹ ሰብሳቢ እትዬ እታገኝ፣ ሁሉም ነጭ ለብሰው። ሁላችንም ደስታ ይዘን ስለመጣን፣ ከበሩ ወዲያ ላለ ሰው ምን እንደምንመስል አንዳችንም አላሰብንም።

ቀድማ ያየችው እታገኝ ናት። ክርኔን ነካ አድርጋ፣ «ጋሽ ዘርዓብሩክ፣ እስቲ ዘወር ብለው ይዩን። ምን መሰልን?» አለችኝ።

ዘወር ብዬ አየሁ። አፌን ከመክፈቴ በፊት በሩ ተከፈተ።

ስዩም፣ በእኛ ዘንድ መርዶ በቃል እንደማይነገር ታውቃለህ። የንጋቱ ሰዓት፣ የቄሱ መቅደም፣ የሰዎቹ ዝምታ ይናገራል። ያቺ ልጅ እናቷ እንደታመመች ታውቃለች። አንድ ጊዜ አየችን። «እናቴን» አለች። ከዚያ ደረቷን እየደቃች ደፉ ላይ ወደቀች።

ሁላችንም በአንድ አፍ ጮኽን። «ኧረ ማንም አልሞተም፤ ወጥ ቤትሽ ነው የታደሰው!» ትላለች እታገኝ፣ እየጎተተቻት። ግን ማን ያምነናል? መርዶ ሊያረዳ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ «ደህና ናት» አይደለም ወይ የሚለው? ስንምል ይባስ አለቀሰች። ደረጃው ላይ ተደብቀው የነበሩት ሁለት ካሜራዎች ቀረብ አሉ። አዘጋጇ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ «እንዴት ያምራል» አለች። ከልቧ ነው፤ አትፍረድባት። ደስታ መስሏታል።

ቦሰና ያመነችው እናቷ ስልኩን አንስታ «አለሁ» ስትላት ነው። ከዚያ ወደ ምግብ ቤቱ ወስደው አዲሱን ምድጃ አሳዩዋት፤ እንደ ፈዘዘች አመሰገነች።

የቀደመውን ፍቺ ሰርዝልኝ። ተዋናይ ያልሆኑ ሰዎች እንዳልኩህ ነው፤ ግን እነማን ናቸው? እኔ ራሴ በዚያ ንጋት የመርዶ ነጋሪን ቦታ ተጫውቻለሁ፤ ሳላውቀው፣ ሳልለማመደው፣ እንከን ሳይወጣልኝ።

ዘርዓብሩክ


አዲስ አበባ
ግንቦት 8 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለክቡር ጋሼ ዘርዓብሩክ፤

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ። የላኩልኝ የክረምት ልብስ ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ዝምታዬ ይቅርታዎን እለምናለሁ። የምጽፈው ጠፍቶኝ ሳይሆን የማልጽፈው በዝቶብኝ ነው።

እታለም ዝግጅቱን አይታዋለች ወይ ላሉኝ፣ አዎን፣ አይታዋለች። እኔ ልሸሽጋት ነበር። ሶሊያና የምትባል የጎረቤታችን ልጅ «እትዬ፣ ቦሰና ቲቪ ላይ ወጣች» ብላ ኮምፒዩተሯን አልጋው ላይ ዘረጋችው። የበሩ ክፍል እርስዎ በዚያ በቴሌቪዥን እንዳዩት ነው፤ ጩኸቷን አጥፍተው ቫዮሊን አስገብተውበታል፤ ከታች «የደስታ እንባ» የሚል ጽሑፍ አለ። ልጅቱ አጨበጨበች። እታለም ግን አላጨበጨበችም። ደረት ሲመታ እንዴት እንደሚመታ ታውቃለችና፣ ለማን እንደተመታ ገባት። ደግመሽ ክፈችው አለቻት። አየች። ከዚያ ፈገግ ብላ፣ «ይኼንን ማን ያያል? ለቅሶዬን በቁሜ አየሁት» አለች። እኔ ወጥቼ በረንዳ ላይ ቆምኩ።

ጋሼ፣ ሕመሙ ጉበቷ ላይ ነው፤ ሐኪሞቹ ተስፋ አልሰጡንም። ለቦሰና እንዳይነገራት አስምላናለች። እርስዎንም በእሷ ስም አስምልዎታለሁ። አንድ ቃል ደግሞ አደራ ብላለች፤ ጊዜው ሲደርስ ያድርሱልኝ፦ «ለቅሶዬን አሳይታኛለች፤ ቆንጆ አድርጋ አልቅሳልኛለች። ሌላ አታስለቅሷት።»

ስለ ፍቺው፣ አታሚው እየወተወተኝ ነው። እኔም አንድ ጥያቄ ልጨምርብዎ። እንባው እውነት፣ ጽሑፉ ሐሰት ሲሆን፣ የትኛው መደብ ውስጥ ነው የምናስገባው?

ታናሽዎ ስዩም


ሎስ አንጀለስ
ሰኔ 5 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለስዩም፤

ደብዳቤህን ካነበብኩ ወዲህ ወደ ቦሰና ዘንድ የምሄደው ፊቴን ታጥቤ ነው። አደራህን ጠብቄአለሁ። ለእታለም እግዚአብሔር ይሁናት ከማለት በቀር ቃል የለኝም።

ቦሰና በዚያ ዝግጅት ተጎዳች ወይስ ተጠቀመች ላልከው፣ መልሱን እኔም አላውቀውም። ምግብ ቤቱ ሞልቷል። ከግሌንዴል፣ ከሆሊውድ፣ እንጀራ በእጅ ነክተው የማያውቁ ሰዎች ተሰልፈው ይገባሉ። «በደስታ ያለቀስሽው አንቺ ነሽ?» እያሉ አብረዋት ፎቶ ይነሳሉ። መጀመሪያ ሰሞን ታስረዳቸው ነበር፤ በአገራችን ሰው በንጋት እደጅህ ሲመጣ እንዲህ ነው፣ እንዲያ ነው ትላቸዋለች። እየጓጉ ይሰሟትና ምን ማለት እንዳለባቸው ይጠፋቸዋል። ኋላ ማስረዳቱን ተወችው።

ባለፈው እሁድ ለአንዲት አሮጊት አሜሪካዊት ስትተርክ ከጥጌ ሆኜ ሰማኋት። በሩን ከፍታ ስታየን ደስታውን መቻል አቅቷት መውደቋን ነገረቻት፤ እንዴት ቄሱ እንደደገፏት፣ እንዴት እኔ እንደሳቅሁ። ስዩም፣ እኔ አልሳቅሁም። ደንግጬ አየኋት። ዓይኗ ውስጥ ውሸት የለም። ቪዲዮውን ደጋግማ አይታዋለች፤ ምስሉ ትዝታዋን ገፍቶ ቦታውን ይዞበታል።

እንግዲህ ለጥያቄህ ይህን ጨምርበት። ዘውጉ ያለፈውንም ያርማል።

ዘርዓብሩክ


አዲስ አበባ
ሰኔ 24 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለጋሼ ዘርዓብሩክ፤

ይህን በስልክ ያልነገርኩዎት፣ ስልኩን ቦሰና ፊት ሆነው ቢያነሱት ፊትዎ ይነግራታል ብዬ ነው። መንገደኛው እጅዎ ላይ እንዲያደርስ አስምዬዋለሁ።

እታለም ሰኔ 21 ቀን አርፋለች። በማግስቱ ቀበርናት። ስልኳ እኔ ዘንድ ነው፤ ቦሰና ስትደውል ተኝታለች፣ ሐኪም ዘንድ ናት እያልኩ አንድ ሳምንት አልዘልቅም። በወጉ ያርዱልኝ። የእናቷን ቃል አይርሱ።

ስዩም


ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና
ሐምሌ 12 ቀን 2005 ዓ.ም.
ሰባ ዘጠኝ ዓመት ከአንድ ወር በሞላኝ ዕለት

ለወንድሜ ለስዩም፤

እግዚአብሔር ያጽናህ። ለእታለም ነፍስ ይማርልን። እኔ ደህና ነኝ ብል ውሸት ነው፤ ግን ቆሜአለሁ።

ከዚያ ስልክ ወዲህ አንድ ጥያቄ እንቅልፍ እንደነሳህ ጽፈሃል። «ደጃፏ ላይ አልነገራችኋትም ወይ? ወደ ሟች ስልክ ለምን ደወለች?» ብለህ። ነግረናታል። እንዴት እንደነገርናት ስማኝ።

ደብዳቤህ በደረሰኝ ቀን ለእታገኝ ነገርኳት፤ ዘዴ እንፈልግ አልኳት። በቀን እንሂድ፣ ጥቂት ሆነን እንሂድ፣ ቄሱ ይቆዩ፣ የሚመስለው ነገር አንዱም አይኑርበት። እሺ አላለችኝም። «አንዴ ተጫወቱበት ብለን ወጋችንን ጥለን ልንቀር ነው? ለእታለም እንደ ሰው እንሄድላታለን» አለች። ልክ ናት ብዬ አመንኩ። አሁንም ልክ ናት እላለሁ። ስለዚህ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ደጃፍ፣ እነዚያው ሰዎች ቆምን። ልዩነቱ የነጠላችን ጥለት ወደ አንገታችን መዞሩ ብቻ ነበር። ምንይሉም ከኋላ ቆመ፤ በዚህ ጊዜ ማንም ምን እንደሚለብስ አልነገረውም።

አንኳኳን። ከፈተች። አየችን።

ፈገግ አለች፣ ስዩም። እጇን ወደ ጠጉሯ አነሳች። በትከሻችን ላይ አሻግራ ወደ ደረጃው አየች፤ ቀና ብላ ወደ መብራቱ አየች። «ደግሞ ምን አደሱልኝ?» አለች።

ምንይሉ ወደ ግድግዳው ዞረ።

«ቦሰና፣ ልጄ፣ ካሜራ የለም» አልኳት።

«ይደብቁታል እኮ ጋሼ» አለችኝ፣ እንደ ሕፃን እያባበለችኝ።

በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ቤት ለመርዶ ሄጃለሁ፤ በአፌ የተናገርኩበት አንድም የለም። መናገር አያስፈልግም ነበር። መምጣታችን ይበቃ ነበር። በዚያ ንጋት ግን መምጣታችን ምንም አልተናገረም፤ ቄሱ፣ ዝምታው፣ ጥለቱ፣ ሁሉም ዲዳ ሆኑ። ስለዚህ ከእኛ መካከል ቃል የለመደው እኔ ነኝና፣ «እናትሽ አርፋለች» አልኩ። ያን የመሰለ ራቁት ዓረፍተ ነገር ተናግሬ አላውቅም።

እሷ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ «አይዞዎት ጋሼ» አለችኝ። በእኔ ማዘኗ ነበር፤ እነዚያ ሰዎች በሽምግልናዬ ምን እንዳናገሩኝ እያሰበች። ስልኳንም አወጣች። ያን ጊዜ ያዳናት ስልክ ነው፤ አሁንም ያድነኛል ብላ ነው የደወለችው። ሲጠራ ፈገግታዋ ገና ፊቷ ላይ ነበር።

ያነሳኸው አንተ ነህ። «አቤት» ስትል እኛም ሰማን። ከዚያ ወዲያ የሆነውን በጆሮህ ሰምተኸዋልና አልጽፈውም።

የእታለምን አደራ በሦስተኛው ቀን አደረስኩ፤ ለቅሶዋን በቁሟ እንዳየችው፣ «ቆንጆ አድርጋ አልቅሳልኛለች» እንዳለች። ቦሰና «እንኳን ያንን አየች» አለች። «ቫዮሊን ባያስገቡበት ድምፄንም ትሰማው ነበር።» ያን ዕለት ትዝታዋ ወደ ቦታው የተመለሰ መሰለኝ። ምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሰቀለችውን የዝግጅቱን ፎቶግራፍ ማታውን አውርዳ፣ ምስማሩ ላይ የእናቷን ምስል ሰቅላለች። ሰዎች እየገቡ ስለዚያ ጠዋት ሲጠይቋት «እናቴ የሞተች መስሎኝ ነበር» ትላቸዋለች፤ በዚያው ትተዋቸዋለች።

አታሚህን አስጠብቄዋለሁ። እንግዲህ ይኸው፣ ለ«ረ» ፊደል። ስታርመው በምሕረት አርመው፤ የደከምኩበት ሁሉ ከዚህ የተሻለ አልሰጠኝም።

«ሪያሊቲ ቴሌቪዥን፦ ሰው በገዛ ስሙ፣ በገዛ ቤቱ፣ በገዛ እንባው የሚታይበት፣ ስለ ምን እንዳለቀሰ የሚወስነው ግን ሌላ ሰው የሆነበት የቴሌቪዥን ትዕይንት። ወገኑ ከዜናም፣ ከተውኔትም፣ ከዘጋቢ ፊልምም ተለይቶ አልተበየነም።»

ከአራት መስመር ካለፈ የመጨረሻውን ቁረጠው። እንባውን ግን አትንካብኝ።

ለአርባዋ የሚሆን ጧፍ ቦሰና ገዝታ ሰጥታኛለች፤ ከደብዳቤው ጋር ይደርስሃል። ፖስታውን በእጄ አሽጌ፣ ነገ ወደ አዲስ አበባ ለምትበረው መንገደኛ እሰጣታለሁ።

ወንድምህ ዘርዓብሩክ